«እርስዎ» የተባለችው ሚስት

ባሏ «አንቺ» ማለቱን ትቶ «እርስዎ» ያላት ቀን መጋረጃ ሰፊዋ መጀመሪያ ሳቀች። ምን ታድርግ፣ ሰውየው ድሮም ቀልደኛ ነው። ዕድሜ ልኩን የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ የተኮሳተረ ተሳፋሪ ሳያስቅ የማያወርድ ሾፌር ነበር። ከሥራ ሲመለስ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ «አንቺ ልጅ፣ የት ነሽ?» እያለ ይጣራል። ስልሳን አልፋም «አንቺ ልጅ» ነበረች፤ በስሟ የጠራት ቀን ምን አጠፋሁ ብላ ነው የምታስበው። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን ሻይ ይዛ ስትገባ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አሳርፎ፣ ሰው ቤት እንደመጣ እንግዳ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«ይቅርታ እመቤት» አላት፤ «ባለቤቴን አይተዋታል?»

እሷ ሳቀች፣ እሱ ግን አልሳቀም። ተው እንግዲህ፣ በጠዋቱ አትጃጃልብኝ ብትለውም መልሱን ይጠብቃል። ፊቱ ላይ ቅያሜም ቀልድም የለም፤ ጨዋነት ብቻ ነው ያለው።

መርሳቱንስ ለምዳው ነበር። ቁልፉ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲገኝ፣ ከተማውን ዓይኑን ጨፍኖ ሲነዳው የኖረው ሰውዬ የገዛ ሰፈሩ መንገድ ሲጠፋበት፣ ሐኪሟ ነገሩን ቁጭ አድርጋ አስረድታት እሷም እህ ብላ ተቀብላለች። ይሄኛው ግን መርሳት አይደለም። ሚስቱን መቼ ረሳ! የት እንደተዋወቁ፣ ያን ቀን ምን ለብሳ እንደነበር፣ ስትቆጣ አፍንጫዋ እንዴት እንደሚሆን አንድም ሳይቀረው ያወራል። የሚያወራው ግን ለራሷ ነው፣ ስለ ሌላ ሴት እንደሚያወራ ሆኖ። አውራ ጣቷ ላይ ድሮ የስፌት መኪና መርፌ የወጋት ጠባሳ አለ። አንድ ቀን እጇን ቀስ አድርጎ ያዘና ጠባሳውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ ሲመረምረው ቆየ።

«ይገርማል» አለ፤ «ይቺን እንኳ አልረሱም። በጣም እሷን ይመስላሉ። ግን እሷ አይደሉም።»

እንግዲህ ፍረዱ። ሰው ቢሰድባት መልስ አታጣም፤ ሰፈሩ «ወይዘሮ መጋረጃ» ብሎ የሰየማት ለስፌቷ ብቻ መሰላችሁ? አንዴ ከተዘረጋች ማንም አይሰበስባትም። በትሕትና አንገቱን ሰበር አድርጎ አንቺ አንቺ አይደለሽም ለሚል ሰው ግን ምን ተብሎ ይመለሳል? የሠርጋቸውን ፎቶ አምጥታ ከፊቷ ጎን ይዛ ቆመችለት። ፎቶውን ሳመው፤ እሷን ደግሞ አዘን ብሎ አያት። ሹራቧን ለብሳ ስታልፍ ተከትሏት መጣና፣ ይቅርታ ይህ የሰው ልብስ ነው፣ ባለቤቴ ስትመጣ ትፈልገዋለች አላት። የገዛ ሹራቧን አወለቀችለት። አጣጥፎ ሣጥን ውስጥ ካስቀመጠው በኋላ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። እሷ ስትሰፋ የፊት ለፊቱ ክፍል በር ላይ ቆሞ ያያታል። የስፌት መኪናውን አቁማ ዞር ስትል እዚያው ነው። አርባ ዓመት አብራው የኖረችው ሰው ጀርባዋን ሲያይ፣ የማታውቀው ሰው ዓይን እንዳረፈባት ሁሉ ማጅራቷ ይቀዘቅዛል።

ይህም ሆኖ ትችለው ነበር። ያልቻለችው የምግቡን ነገር ነው። ሾርባ ትሠራለች፣ ድንች ትፈጫለች፣ ዳቦ ታሞቃለች፤ እሱ ሳህኑን በጣቱ ጫፍ ገፋ ያደርግና እግዜር ይስጥልኝ ይላል። ባለቤቴ ትምጣና አብረን እንበላለን ይላል። ጎረቤቷ ብታመጣለትም መልሱ ያው ነው። ምግቡን አልጠላም፣ መርዝ አለውም አላለም። ሚስቱን እየጠበቀ ነው። ለሚስቱ ታማኝ ሆኖ በሚስቱ እጅ ፊት በረሃብ ሊያልቅ! ሱሪው ከወገቡ እየወረደ በገመድ ማሰር ጀመረች። ሐኪሟ በመጨረሻው ቀጠሮ ከመዘነችው በኋላ ፊቷ ተለወጠ። በሚቀጥለው ስትመጡ እንዲሁ ከሆነ ሆስፒታል ገብቶ በአፍንጫው ቱቦ ይገባለታል፣ እንዳይነቅለውም እጁ መታሰሩ አይቀርም አለቻት። መጋረጃ ሰፊዋ የሰማችው «እጁ» የሚለውን ነው። ያንን ሁሉ ዘመን መሪ የያዘ እጅ አልጋ ላይ ታስሮ ታያት። ያን ቀን ከገባ አይወጣም ብላ ልቧ ነገራት።

ምክር ፍለጋ ያልረገጠችው ደጅ የለም። ለስኳር ማኅበር አለ። ለኩላሊት ማኅበር አለ፣ ለደም ግፊት አለ፣ ሲጋራ ለመተው እንኳ አለ። ባሏ ፊት ለፊት ቆማ የጠፋችበት ሴት ወዴት ትሂድ? ስልክ ካነሱላት አንዷ ጸሐፊ ስኳሩ ስንት ነው ብላ ጠየቀቻት። ስኳሩ ደህና ነው፣ የጠፋሁበት እኔ ነኝ ብትላት ስልኩ ተዘጋ። በመጨረሻ አንዲት ነርስ ኮሪደር ላይ አግኝታት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከጤና ጣቢያው ጀርባ ባለው ሕንፃ አስታማሚዎች እየተገናኙ እንደሚመካከሩ ነገረቻት። ጎረቤቷን ከሰውየው ጋር ትታ፣ ያገኘችውን ጫማ አጥልቃ ሄደች።

በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ታማሚ ነዎት አስታማሚ ብሎ ጠየቃት። እንቅልፍ ካጣች ሰንብታለች፤ ከጥያቄው የሰማችው ጭራውን ነው። አዎ አለችው። ዘበኛው ከእግር እስከ ራሷ አያት፤ ፀጉሯን አየ፣ የግራ ጫማዋ ከቀኙ እንደማይገጥም ልብ አለ፣ ፈረደም። በግራ በኩል፣ መጨረሻው ክፍል አላት። በሁለቱ ቃላት መሃል ያለችው «አስ» የምትባል ኩርማን ነገር ናት፤ እሷ ከወደቀች ደግሞ ማን ታሞ ማን እንዳስታመመ አይታወቅም።

ክፍሉ ውስጥ የፕላስቲክ ወንበሮች ክብ ሠርተዋል። መስታወቱ ሰው እንዳያሳይ በነጭ ቀለም ተቀብቷል፤ ጣሪያው ላይ ያለው የውሃ ታንከር ሲሞላ አንጀት እንደሚጮህ ዓይነት ድምፅ ያሰማል። አወያይዋ ድምፀ ለስላሳ ወጣት ሴት ናት፤ ፈገግ ብላ ወንበር አሳየቻት። አንድ ክራቫት ያሰረ ጡረተኛ አስተማሪ እያወራ ነበር።

«እኔ ቤት አንዲት ሴት አለች» አለ አስተማሪው። «ልጅህ ነኝ ትለኛለች።»

ምስኪን፣ ሚስቱ ናት እንግዲህ፣ ራሷን ልጁ ያደረገች፣ አለች መጋረጃ ሰፊዋ በሆዷ። ሰውየው ቀጠለ። ሴትየዋ ዕቃውን ቦታ ታቀያይርበታለች፤ ሲጠይቃት አንተ ነህ ያስቀመጥከው ትለዋለች። መነጽሩ ይጠፋል፣ ገንዘብ ቦርሳው ይጠፋል፣ ከዚያ እሷው ታገኘዋለች። አንዲት ወፍራም፣ ድሮ ዳቦ ጋጋሪ የነበረች ሴትዮ ደግሞ የእሷው እንቅልፍ የሚባል እንደሌለው ተናገረች፤ ዓይኗን በገለጠች ቁጥር በር ላይ ቆሞ እያያት ነው።

መጋረጃ ሰፊዋ አላስችል አላት። ስንት ጊዜዋ ነው የሚረዳት ሰው ካጣች! የእሷም በር ላይ ቆሞ እንደሚያያት፣ የገዛ ቤቷ ውስጥ ማን ነዎት እንደሚላት፣ ቁልፍ እንደሚደብቅባት ሁሉንም ዘረገፈችው። ስትጨርስ ሁሉም ባንድ ላይ፣ ቀስ ብለው፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አንድ ናቸው» አለች ጋጋሪዋ። «ሁላችንም ቤት የሚገቡት አንድ ናቸው።»

ነገሩ ደስ አላላትም፤ ለምን እንደሆነ ግን አላወቀችም። አስተማሪው ወደ እሷ ጎንበስ ብሎ ልጁን የሚያገኛት በስልክ ብቻ እንደሆነ ነገራት። ስልክ ላይ ራሷ ናት፤ ድምጿ፣ አሳሳቋ፣ አባዬ አባባሏ። «ታዲያ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስልኩን ስዘጋ ያቺኛዋ ከጓዳ ትወጣለች። ሁልጊዜ። ልክ ስዘጋ።»

ጋጋሪዋ ደግሞ እጇን ክንዷ ላይ አሳርፋ ጠየቀቻት።

«አንቺንስ ምግብሽ ውስጥ ክኒን ይደብቅብሻል?»

ክኒን የሚፈጨው፣ የተፈጨ ድንች ውስጥ የሚደበቀው፣ ማንኪያ አቅርቦ የሚለምነው ማን ሆነና! አፏ ቀደማት።

«እኔ ነኝ የምደብቅበት» አለች።

ጋጋሪዋ እጇን ሰበሰበች። ወንበሮች ትንሽ ትንሽ ወደኋላ ሲንፏቀቁ ተሰማ። ሁሉም ያዩዋታል፤ ፊታቸው ላይ ያለውን አስተያየት ደግሞ በደንብ ታውቀዋለች፣ በየቀኑ ስትሰፋ ማጅራቷ ላይ የሚያርፈው እሱው ነው። እነዚህ አስታማሚዎች አይደሉም። እነዚህ ታማሚዎቹ ናቸው። ቤታቸው ያለው ያ ሰው፣ ዕቃ የሚያነሳው፣ በር የሚቆልፈው፣ ድምፁን ዝግ አድርጎ የሚያባብለው፣ እሷ ናት። ሁሉም የሚፈሩት ያ ሰው እሷው ራሷ ሆና ተገኘች።

አወያይዋ ተነስታ አጠገቧ በርከክ አለች። አስታማሚዋ የት እንዳለ፣ ማን ይዟት እንደመጣ ጠየቀቻት።

«እኔ ነኝ እኮ አስታማሚዋ» አለች መጋረጃ ሰፊዋ።

«እሺ» አለች ወጣቷ በለስላሳ ድምፅ፣ እጇን እየደባበሰች። «እሺ የኔ እናት። እናገኘዋለን።»

ወይ ጉድ! ያቺ «እሺ» የሷ የራሷ «እሺ» ናት። ለባሏ ሹራቧን ስታወልቅለት ያለችው፣ ሳህኑን ሲገፋ የምትለው እሺ። ለካ ስትሰማው እንዲህ ነው። እሺ እየተባልሽ፣ ማንም አያምንሽም። መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተችና ማስረጃ ብትባል ምን እንደምታቀርብ ጠፋባት። ስሟን ብትናገር የትኛውም ታማሚ ስሙን ይናገራል። ያዝ ያደረጋት ጠባሳ ያለበት አውራ ጣቷ ነው፤ በሌላው እጇ ጨብጣው ተቀመጠች።

በሩ ሲከፈት ከወዲያኛው ክፍል አስታማሚዎቹ የየራሳቸውን ሊወስዱ ገቡ። አንዲት ዓይኗ የደከመ፣ የሥራ ልብስ የለበሰች ወጣት ወደ አስተማሪው መጥታ እንሂድ አባዬ አለችው። አስተማሪው ኮቱን እያስተካከለ ተነሳ፤ በመጋረጃ ሰፊዋ አጠገብ ሲያልፍ ግን ጆሮዋ ሥር ጎንበስ አለ።

«ይቺ ናት» አላት በሹክሹክታ።

ከአወያይዋ ያላቀቃት ዘበኛው ነው፤ እየማለ እየተገዘተ አዎ ያሉኝ እሳቸው ናቸው አለ። አወያይዋ እስክትቀላ ይቅርታ ጠየቀች። መጋረጃ ሰፊዋ የማንንም ይቅርታ የምትሰማበት ጊዜ አልነበራትም። የአስተማሪውን ልጅ ከግቢው ቧንቧ አጠገብ ደረሰችባት። አባትየው ትንሽ ራቅ ብሎ ቆሞ ሁለቱን ያያል።

ስለ ስልኩ ጠየቀቻት። ልጅቷ አልደበቀችም። ፊቷን ሲያይ ነው የምትጠፋበት፤ ድምጿ ግን አልጠፋበትም፣ ፊቷ ከሌለ ድምጿ መንገዱን ያገኛል። በአጋጣሚ ነው የደረሰችበት፣ ከሥራ ቦታ ደውላ። አሁን ከጓዳ ሆና ትደውልለታለች፤ መድኃኒቱን፣ ገላ መታጠቡን፣ ሁሉን በስልክ ታስማማዋለች። መጀመሪያ ማታለል መስሏት ልቧ አልቆረጠም ነበር።

«አንድ ነገር ልንገርሽ እትዬ» አለቻት። «ስልኩን ከዘጋሽ በኋላ ቶሎ እንዳትወጪ። አውርቶሽ ደስ ብሎት የቆየ ፊት አንቺን ሲያይ የሚሆነውን እንዳታዪው።»

በማግሥቱ ምሳ ሰዓት ላይ መጋረጃ ሰፊዋ ሾርባውን አቀረበች፣ ዳቦውን ቆረሰች፣ የእሱን አሮጌ ሞባይል ከሳህኑ አጠገብ አኖረች። እግዜር ይስጥልኝ እመቤት አላት፤ ሳህኑንም ገፋ አደረገው። ወደ ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች። በራሷ ስልክ ደወለች። ሳሎን ውስጥ ጠራ። ወንበሩ ሲንፏቀቅ ሰማች።

«ሃሎ?»

«አንተ» አለችው።

ትንፋሹን ሰማችው።

«አንቺ ልጅ!» አለ። «አንቺ ልጅ፣ የት ጠፋሽ?»

ግድግዳውን ተደገፈች። ሰውየው ከማዶ እየሳቀ፣ እየተቆጣ፣ እየጠየቀ ነው፤ ያ የድሮው ድምፅ፣ ተሳፋሪ ሲያስቅ የኖረው። ከጓዳው በር ጀርባ ቆማ ቀናች። ስልኩ ውስጥ ባለችው ሴት ቀናች። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስሚኝ፣ እዚህ አንዲት ሴት አለች።»

«አውቃለሁ። እኔ ነኝ የላክኋት።»

«አንቺ?»

«እስክመጣ እንድትጠብቅህ ነው። የሰጠችህን ብላ።»

«አንቺ ሳትመጪ?»

«እኔ ሳልመጣም ብላ።»

አሰበበት። በጣም አሰበበት።

«ክፉ ሴት አይደለችም» አለ በመጨረሻ። «ግን ሆድ የባሳት ናት መሰለኝ። ሳህን ስታጥብ ውሃውን ለቃ ታለቅሳለች፤ እኔ የማልሰማ ይመስላታል። አይዞሽ የሚላት ሰው የላትም። ቶሎ ነይና ወደ ዘመዶቿ ትሂድ።»

መጋረጃ ሰፊዋ አፏን በመዳፏ ግጥም አድርጋ ያዘች። መልስ ሲያጣ ያቋረጠች መሰለው።

«አለሽ? ቆይ እንዲያውም ላገናኝሽ። ራስሽ አደራ በያት።»

አይሆንም ለማለት ጊዜ አላገኘችም። የነጠላ ጫማው ኮቴ ሁለት ሆኖ መጣ፤ አንዱ በስልኩ ውስጥ፣ አንዱ ከበሩ ወዲያ፣ ሁለቱም ወደ እሷ። ስልኳን ሳትዘጋው ሽርጥ ኪሷ ውስጥ ከተተች። በሩ ተከፈተ። ሾፌሩ ፊቱ እንደበራ ነው፤ ሲያያት ብርሃኑ ጨዋ ሆነ እንጂ አልጠፋም። ስልኩን በሁለት እጁ ዘረጋላት።

«ለእርስዎ ነው» አላት። «ባለቤቴ ናት።»

ተቀበለችው። ጆሮዋ ላይ ስታደርገው የገዛ ኪሷ ጨርቅ ሲንኮሻኮሽ ሰማች።

«አቤት» አለች።

ከሽርጧ ኪስ ውስጥ ቀጭን፣ የራቀ፣ የራሷ ድምፅ ዘግየት ብሎ «አቤት» አለ። ሾፌሩ የሰማው አይመስልም፤ ዓይኑን ከፊቷ ላይ አልነቀለም፣ ምን እንደተባለች ለማወቅ ይጠብቃል።

«እሺ» አለች ለስልኩ። «እጠብቀዋለሁ። እንዳታስቢ።» ከዚያ አንዲት ቃል ከአፏ ወጣች። «አይዞሽ።»

ኪሷም «አይዞሽ» አላት።

ስልኩን መለሰችለት። እንባዋ ይወርዳል፣ አልጠረገችውም፤ አሁን የምትደብቀው ሰው የለም።

«ምን አለችዎት?» አላት።

«አደራ አለችኝ።»

ራሱን ነቀነቀ። ወደ ሳሎን ተመልሶ ተቀመጠ፣ ሳህኑን ወደ ራሱ ሳበ፣ ማንኪያውን አነሳ። ሾርባው አፉ ሳይደርስ ግን ቆመና በር ላይ ቆማ የምታየውን ሴት ዘወር ብሎ አያት። ማንኪያውን መልሶ አስቀመጠ። አጠገቡ ያለውን ባዶ ወንበር ሳብ አደረገላት።

«ይቀመጡ እንጂ» አላት። «እንብላ።»